ባለ አራት ቋጠሮው ክር

አንድ ሰው ነበረ። ቁጭ በይ አያልነሽ፤ ያ ሰውዬ መልሶ ቢደውልም እስክጨርስ አታንሺ። «ጋሽ ይርዳው፣ ዛሬ ምንም ሳልገዛ በስልኬ የመጣልኝን ቁጥር ከባንክ ነኝ ላለኝ ሰው ብነግረው ምን አለበት?» ነው ያልሽኝ። ይህንን ስጠየቅ በዚህ ወር አራተኛዬ ነው። ሦስቱ የጠየቁኝ ግን ቁጥሩን ከተናገሩ በኋላ ነው። ደክሞኛል። ቢሆንም እነግርሻለሁ።

አንድ ሰው ነበረ፣ ገበሬ። ዘሩን ቤቱ አያስቀምጥም፤ አይጥ ስላስቸገረው ከአንድ ባለጎተራ ዘንድ ያኖራል። ባለጎተራው የብዙ ሰው እህል ይይዛልና የሁሉንም መልክ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣ። «የእገሌ እህል ይውጣ» የሚል ቃል በደረሰው ቁጥር፣ በራሱ መልእክተኛ ወደ እህሉ ባለቤት ቤት ቋጠሮ ያለበት ክር ይልካል። አንድ ቀን ሦስት ቋጠሮ፣ ሌላ ቀን አምስት። ያንን ክር ይዞ ለመጣ ሰው እህሉ ይሰፈርለታል፣ ክሩም እዚያው ይቃጠላል። ክር ያልያዘ ግን የፈለገውን ያህል ቢምል አንድ ቁና አያገኝም።

በአንድ የገበያ ቀን አንድ ሰው ዛፍ ሥር መዝገብ ዘርግቶ ተቀመጠ። የጎተራው ጸሐፊ ነኝ፣ ስም እያደስን ነው ይላል። ገበሬው ሰው ሲሰለፍ አይቶ ተሰለፈ፣ ስሙንና የጆንያውን ምልክት ነግሮት ወደ ቤቱ ሄደ። ባለመዝገቡን ማን ነህ ብሎ የጠየቀው የለም።

ከሳምንት በኋላ፣ ገበሬው እህል ይውጣልኝ ብሎ ሳይልክ፣ አራት ቋጠሮ ያለው ክር ቤቱ ደረሰ። ግራ ገባው። ገና ክሩን እያገላበጠ ሳለ ነጭ የለበሰ እንግዳ ደጁ ላይ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ በስሙ ጠራው፣ አባቴም አለው። ከባለጎተራው ተልኬ ነው፣ ጎተራው ውስጥ ነቀዝ ስለገባ የእርስዎን እህል ዛሬውኑ ወደ ደህና ቦታ እናዛውር፣ ብቻ አሁን የመጣልዎትን ክር ይስጡኝ፣ ከዘገየን ምንም አይተርፍም አለ።

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ብቅ ብላ፣ «ክሩን የላከው ባለጎተራው ከሆነ፣ መልሶ ምን ያደርግለታል?» አለች።

ጥያቄዋ ልክ ነበር። ገበሬውም ልክ መሆኑን ያወቀ ይመስለኛል። ግን እንግዳው ፊቱ ቆሟል፣ ትሑት ነው፣ አባቴ ብሎታል። አላምንህም ማለት ነውር መሰለው። ይሉኝታ ያዘው። ሚስቱን ዝም በይ ብሎ ተቆጣና ክሩን ሰጠ። ይባስ ብሎ እንግዳውን እስከ አጥሩ በር ሸኘው።

ዝናቡ ሲጥል ዘሩን ሊያወጣ ሄደ። የእሱ ቦታ ባዶ ነው። ነቀዝ የሚባል ነገር አልገባም። ባለጎተራውም፣ «ባለ አራት ቋጠሮ ክር ልኬ ባለ አራት ቋጠሮ ክር መጣልኝ፣ ሰጠሁ። እኔ የማውቀው ክሩን ነው» አለው። ጎረቤቶቹ ሲዘሩ እሱ ሞፈሩን ተደግፎ ቆመ። ሚስቱ ባዶ ቁና ይዛ ዘር ልትበደር ከጎረቤት ጎረቤት ዞረች። ከሁሉ የከበደው እሱ ነው።

እንግዲህ አያልነሽ፣ ጎተራው ባንክሽ ነው። ዘሩ ለስፌት መኪና ብለሽ ሦስት ዓመት ያጠራቀምሽው ነው። ስሙና የጆንያው ምልክት የይለፍ ቃልሽ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ጨርቅ በግማሽ ዋጋ አለ ተብሎ በተላከልሽ ገጽ ላይ አይደል የጻፍሽው? እንዲህ ያለውን ገጽ ማጥመጃ ይሉታል፤ ሱቅ ይመስላል እንጂ ሱቅ አይደለም። ክሩ ደግሞ ይህ ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ ኦቲፒ የሚሉት። አንዴ ብቻ ይሠራል። ምንም ሳትገዪ ከመጣልሽ፣ አሁን በዚህ ሰዓት አንድ ሰው በአንቺ ስም ጎተራው ደጃፍ ቆሟል ማለት ነው። የቀረው ክሩ ብቻ ነው። ባንኩ ራሱ የላከውን ቁጥር አንቺን ምን ብሎ ይጠይቅሻል?

ይኸው ጠራ። አውቃለሁ፣ እህቴ እያለ በትሕትና ነው የሚያናግረኝ ብለሽኛል። ሦስቱንም እንዲሁ ነው ያናገሯቸው። ዝጊውና በካርድሽ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራስሽ ለባንክሽ ደውዪ፣ የይለፍ ቃልሽንም ቀይሪ። ያ ገበሬ እንግዳ ላለማሳፈር ብሎ ክረምቱን ሙሉ የሚስቱን ዓይን ማየት አቃተው። አንቺ እንግዳውን አሳፍሪው። ዝጊው።