ተቆራርጠው የቀረቡት አከራይ

«እማዬ፣ ጋሽ ደምመላሽን ማን ቆራረጣቸው?» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

ጋሽ ደምመላሽ አከራያቸው ናቸው። ለበዓል ፕሮግራም ቃለ መጠይቅ ስለተደረገላቸው፣ በአዲሱ ትልቅ ቴሌቪዥን እንዲያዩዋቸው ተከራዮቻቸውን ሁሉ ሳሎናቸው ሰብስበዋል። ምን ዋጋ አለው፣ ምስሉ እየተቆራረጠ አገጫቸው ከግንባራቸው በላይ ወጣ።

ሰውየው በንዴት ወደ እናትየዋ ዞሩ። «አንቺ ነሽ! የልብስ ማስጫ ገመድሽን ዲሹ ላይ አስረሽ፣ በዚያ እርጥብ ብርድ ልብስሽ ጎትተሽ አዞርሽው። በሰው ፊት አዋረድሽኝ! በይ አሁን ምስሉ ጥርት ያለ ነው ብለሽ መስክሪ፤ አለዚያ ቤቴን ዛሬውኑ ልቀቂ!»

ሴትየዋ ጨነቃት። ልጅ ይዛ የት ትወድቃለች? እንዳትዋሽ ደግሞ እግዜርን ትፈራለች።

«ኧረ ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑስ ምን ያድርግ?» አለች አንገቷን ደፍታ። «እርስዎን የሚያህል ሰው በአንድ ጉርሻ ልንውጥ ብንሞክር ያንቀናል። ለዚህ እኮ ነው እየቆረሰ የሚያጎርሰን።»

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ደምመላሽ ግን ደረታቸውን ነፍተው «እውነቷን ነው!» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከኪዳን ስትመለስ፣ ማንም ሳያያት ገመዷን ከዲሹ ፈትታ አጥሩ ላይ አሰረችው።