ሁለት ክረምት ያልነደደ ምድጃ

በአንድ ወቅት፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ማዶ፣ የኅዳር ውርጭ ጎመኑን ሳይቀር በሚያደርቅባት ትንሽ ከተማ፣ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ባልቴት ይኖሩ ነበር። የድንጋይ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት ምድጃ ቆሟል። ሟች ባለቤታቸው የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲፈርስ ገዝተው፣ በስምንት ሰው ሸክም ያስመጡት ነው። ከጀርባው የሚነሣው ቱቦ የቆርቆሮውን ጣሪያ በስቶ ይወጣና ጭሱን ውጭ ይለቀዋል። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ምድጃ ያለው ሌላ ቤት አልነበረም።

ወይዘሮ አስካለ ደረታቸውን ታመሙና ሐኪም ቆላ እንዲወርዱ አዘዛቸው። አዋሽ፣ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ ሦስቱን ልጆቻቸውን ሰበሰቡ፤ ጎረቤታቸውን አቶ ዘርፉንም ጠሩ።

«ይህ ብረት ሲነድ ምንም አይሆንም፤ የሚበላሸው ሥራ ሲፈታ ነው» አሉ። «ስመለስ ደኅና ሆኖ ካገኘሁት ቤቱ ለጠበቀው ልጅ ይሁን። እኔ ብሞት ዘርፉ ይፍረድ።»

አቶ ዘርፉ በራቸውን ከቆለፉ በኋላ ሦስቴ ገፍተው የሚያዩ ሰው ናቸው። ነገሩ አላማራቸውም። ነገር ግን የታመመ ሰው ፊት መከራከር ከበዳቸውና «እሺ» አሉ።

የበኩር ልጅ ጥላዬ አናጢ ነው። ሰኔ ሲገባ ጣሪያው ላይ ወጣ። ዝናብ በቱቦው ወርዶ ብረቱን እንዳይበላው፣ ወፍም እንዳይገባበት፣ ገለባ የሞላ ጆንያ በቱቦው አፍ ጠቀጠቀና በላዩ ቆርቆሮ መታበት። ወርዶም የምድጃው በር እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። ከዚያ አቶ ዘርፉ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ቱቦውን ደፍኜዋለሁ። ጨርቁ ‹እሳት አታንድዱ› ማለት ነው። እርስዎ ምስክሬ ነዎት፤ ለእህቴ ለእንግዳወርቅና ለታናሻችን ግን አይንገሩብኝ። ነገ እኛም ጣሪያ ላይ ወጣን ሊሉ ነው።»

«ሰው ቢያነድበትስ?»

«በባዶ ቤት ማን ያነዳል ጋሼ? እርስዎ ደግሞ ስጋት አያልቅብዎትም!»

አቶ ዘርፉ ላይናገሩ ቃል ገቡ።

ሁለተኛዋ ልጅ እንግዳወርቅ በየወሩ መጀመሪያ ቁልፏን ይዛ ትመጣ ነበር። አመድ እርጥበት ስቦ ብረት ይበላል ብላ ጠርጋ ታወጣለች፤ ጥላሸቱን በሽቦ ትፍቃለች፤ ሞራ አሙቃ ምድጃውን ከእግር እስከ አናቱ ታሸዋለች። አንድ ቀን እጀታው ላይ የታሰረ ጨርቅ አገኘች። ጨርቁ ረጥቧል፤ ብረቱም ከሥሩ ዝጓል። ፈታችውና ዝገቱን አስለቀቀች። እሷም አቶ ዘርፉን ልትነግር ሄደች።

«ይዩልኝ ጋሼ፣ ወንድሜ እጀታውን እንደ አራስ ልጅ ጠቅልሎ ሊያዝገው ነበር እኮ! ፈትቼ ጣልኩለት።»

አቶ ዘርፉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃላቸው ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉት። አስካለ ሳትመጣ በፊት ጥላዬን እነግረዋለሁ አሉ በሆዳቸው። ጥላዬ ለሥራ ሌላ አገር ከረመ፤ ከተመለሰም በኋላ እሳቸው ዛሬ ነገ ሲሉ ዓመት አለፈ።

የመጨረሻው ልጅ ማስረሻ ምድጃውን አንድ ቀን እንኳ አልነካውም። በየወሩ መድኃኒት ይዞ አዋሽ ይወርዳል፤ እናቱን አጫውቶ፣ እግራቸውን አጥቦ ይመለሳል። እህቱ ስትተርበው «አንተማ ምድጃው ስንት እግር እንዳለው አታውቅም» ትለው ነበር። እሱም ይስቃል።

በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ወይዘሮ አስካለ «ሙቀቱ ሰለቸኝ፤ ቤቴ ውሰደኝ» አሉት። ማንንም ሳያማክር በአውቶቡስ አሳፍሮ አመጣቸው። ከሰዓት በኋላ በአቶ ዘርፉ አጥር ሲያልፉ ቆሙ።

«ዘርፉ! አለህ እስካሁን?»

«አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!»

ሁለቱም ሳቁ። ወይዘሮ አስካለን ሳል ያዛቸውና ማስረሻ ደግፎ ቤታቸው አስገባቸው።

አቶ ዘርፉ ቱቦው ትዝ ያላቸው እናትና ልጅ ከገቡ በኋላ ነው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ጭስ የለም። ገና አላነደዱም ብለው ተጽናኑ። ሄደው በሩን ማንኳኳት ይችሉ ነበር። ግን ምስጢሩ የጥላዬ ነው፤ እሱው መጥቶ ይክፈተው ብለው ምርኩዛቸውን አነሡና ወደ ጥላዬ የአናጢ ሱቅ አዘገሙ።

ቤት ውስጥ ወይዘሮ አስካለ ይንቀጠቀጣሉ። የእንጨት ጭስ ለደረታቸው እንደማይሆን የሚያውቀው ማስረሻ ከሰል ገዛ። ደጅ አቀጣጥሎ፣ ፍም እስኪሆን ጠብቆ፣ ጭስ የሚባል ሲያጣበት ምድጃው ውስጥ ጨመረው። ብርድ እንዳይገባም መስኮቶቹን ዘጋ።

«አሁን ሞቀኝ» አሉ እናቱ። «ሂድ እህትህን ጥራልኝ።»

በሩን ገጥሞ ሄደ። ከእንግዳወርቅ ጋር ሲመለስ እናታቸው ወንበራቸው ላይ እጃቸውን ወደ ምድጃው እንደዘረጉ፣ አንገታቸውን ደፍተው አገኟቸው። የማይታየው የከሰል መርዝ በተደፈነው ቱቦ መውጫ አጥቶ ቤቱን ሞልቶት ነበር። አቶ ዘርፉ የጠሩት ጥላዬ ደርሶ ጣሪያው ላይ ወጣና ጆንያውን በጥፍሩ ቧጥጦ አወጣው። ከታች የእህቱ ጩኸት ተሰማው።

አርባቸው በወጣ ማግስት አቶ ዘርፉ ሦስቱን ልጆች ምድጃው ፊት አስቀመጡ። ብረቱ አንድ ቀዳዳ የለውም፤ ዝገትም የለበትም።

«እኔ ባልደፍነው ሁለት ክረምት ይተርፍ ነበር?» አለ ጥላዬ። «ምልክትም ትቼ ነበር። ማን ፈታው?»

«ምልክት መሆኑን ማን ነገረኝ?» አለች እንግዳወርቅ። «በሞራ ያሸሁት እኔ ነኝ። እጄን እዩት!»

«እናንተ ብረት ጠበቃችሁ» አለ ማስረሻ። «እኔ እሷን ጠበቅሁ።»

«ጠበቅካት? ገደልካት እንጂ!»

እንግዳወርቅ ያለችውን ራሷ ሰምታ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ሦስቱም ወደ አቶ ዘርፉ ዞሩ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ጨበጡ። ጥላዬ መድፈኑን ነግሯቸዋል፤ እንግዳወርቅ መፍታቷን ነግራቸዋለች፤ ሁለቱንም የሚያውቅ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ቢናገሩ ልጆቹ ዳኝነታቸውን አይቀበሉም፤ ሌላ ዳኛ ደግሞ ሟች አልሾሙም። ሳይናገሩ ቢፈርዱ፣ የቀረውን ዕድሜያቸውን በዚያ አጥር በኩል ወደዚያ ጣሪያ እያዩ መኖር አለባቸው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ቱቦውን የደፈነው፣ ብረቱን ያሸችው፣ እናቱን ያሞቀው፣ ቤቱ ለየትኛው ይገባል? አቶ ዘርፉስ አስቀድመው ይናገሩ ወይስ ይፍረዱ?