ጋሽ ደምሰው የተሳሳተ ዕለት

አንድ ሰው ነበረ። አዳማ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል ግቢ፣ እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሃርሞኒካ ይነፋ ነበር።

አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ተያይታችኋል። «ሰባኪው ዛሬ ከሆቴል ሙዚቃ ጀመረ» ብላችኋል። ግድ የለም፣ ታገሱኝ። ጌታስ ሰው ከሚበላበትና ከሚጠጣበት ቤት መቼ ቀረ?

ሰውዬው የሚነፋው ብሉዝ ነው። ብሉዝ ጥቁር አሜሪካውያን ኀዘናቸውን ያንጎራጎሩበት ሙዚቃ ነው። ይህ ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ በዚያ ሙዚቃ ፍቅር ተይዞ፣ የሚነፋበትን የሙዚቃ ባንድ ራሱ አቋቁሞ፣ ሚስቱን በቀበረ በሳምንቱ እንኳ ተመልሶ የነፋ ነው። ልጅ የለውም። ቤቱም ዘመዱም ባንዱ ነበር። ጋሽ ደምሰው ይሉታል።

ጋሽ ደምሰው ታዲያ ምላሱ አይጣል ነው። ባንዱ ውስጥ ትርንጎ የምትባል ዘፋኝ አለች። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ተራዋ ሳይደርስ መዝፈን ጀመረች። ባንዱን አስቁሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዘፈን ካልሆነልሽ ሂጂና ጎመን ቀንጥሺ» አላት። አለቀሰች። ይቅርታ አልጠየቃትም።

ዓመታት አለፉና ዓይኑ ደከመ። አንዳንዴ ይስት ጀመር። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ጉደታ አንድ እሁድ ባንዱን ሰብስቦ ቁርጡን ነገራቸው። «ሽማግሌው ዛሬ ከተሳሳተ፣ ለሚቀጥለው እሁድ ሌላ ሰው ታመጣላችሁ።» ጋሽ ደምሰውም እዚያው ቆሞ ሰማ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የብሉዝ ሃርሞኒካ ትንሽ ናት፣ ኪስ ትገባለች። እያንዳንዷ ግን ያላት አንድ «ኪ» ብቻ ነው። የኳየር ልጆቻችን ያውቁታል፤ ዜማው ከፍ ወይ ዝቅ ብሎ የሚጀመርበት ማለት ነው። ጊታር የሚጫወተው ጣቱን ያዛውራል። ሃርሞኒካ ነፊው ግን ኪ ልቀይር ካለ ሃርሞኒካዋን ራሷን መቀየር አለበት። ስለዚህ ጋሽ ደምሰው መድረክ የሚወጣው የሰደርያውን ኪሶች በሃርሞኒካ ሞልቶ ነው።

ያን እሁድ ዘፈኑን ብቻውን የሚከፍተው እሱ ነበር። እጁን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ ነፋ። ያወጣው የማይሆነውን ነው፤ ከተለማመዱት በጣም ከፍ ያለውን።

ጥቂት እንደነፋ ራሱም ሰማው። ማቆም አይችልም፤ አቶ ጉደታ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ባንዱ በተለማመደው ከገባ ደግሞ ሁለቱ ድምፅ ይጋጭና ሕፃን እንኳ ስህተቱን ይሰማል።

ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ገረመው ወደ ትርንጎ ዞረ። ለምን ወደ እሷ? «ሽማግሌው ወዳለበት እንውጣ» ቢባል ለገረመው የጣት ሥራ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው የእሷ ጉሮሮ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ድምፅዋ እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ። «ጎመን ቀንጥሺ» የተባለችውም እሷ ናት። አይሆንም ብትል ማን ይፈርድባታል? እናንተ ትፈርዱባታላችሁ? እኔ አልፈርድባትም።

ትርንጎ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ባንዱ በሙሉ ወደ ሽማግሌው ኪ ወጣ። ዘፈነች። መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ዜማው ጫፍ ሲደርስ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሳቀባት። አንዱ አፏጨ። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ዘፈነች።

እንደጨረሱ አቶ ጉደታ ወደ መድረኩ ኋላ መጣ።

«ጋሽ ደምሰው፣ ዛሬስ አንጀቴን አራስከው» አለ። ከዚያ ወደ ገረመው ዞረ። «ይቺ ልጅ ግን አትችልም። ለሚመጣው እሁድ ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ።»

ትርንጎ የማይኩን ገመድ ትጠቀልላለች። ሁለቱም የሽማግሌውን ስህተት አላወጡም።

እስቲ እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ጋሽ ደምሰው ተመስግኗል። ዝም ካለ የሚመጣውም እሁድ የእሱ ነው፣ ባንዱም የእሱ ነው። ከተናገረ ያን ሁሉ ያጣል። እናንተ ብትሆኑስ? ቶሎ አትመልሱልኝ።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለ ጋሽ ደምሰው።

«የምን ስህተት?»

«የማይሆነውን ሃርሞኒካ አወጣሁ። እንዳልዋረድ ብለው እነሱ ወደ እኔ መጡ። የተሳቀባት በኔ ጥፋት ነው።» ትክክለኛዋን ፈልጎ ከኪሱ አወጣ። «ትርንጎ ልጄ፣ በድዬሻለሁ። የዛሬውንም፣ ያን የጎመኑንም። ነይ፣ እዚያው የሳቁት ፊት በራስሽ ድምፅ ዝፈኚው።»

«ይተዉት ጋሼ።»

«አልተወውም።»

ተመልሰው መድረክ ወጡ። ነፋላት፣ ዘፈነች። የሳቁት ሰዎች መብላታቸውን አቁመው ሰሟት።

አቶ ጉደታ ትርንጎን በሥራዋ አቆያት። ለጋሽ ደምሰው ግን ቃሉን አላጠፈም፤ ሽማግሌው ከዚያ ወዲህ እዚያ ሆቴል አልነፋም። ይህን ያጫወተኝ ገረመው ነው። ባንዱ አሁን የሚለማመደው ጋሽ ደምሰው ግቢ ውስጥ ነው አሉ። ትርንጎ ስትስት ዛሬም ያስቆማታል። ያስቆማትና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በይ ከመጀመሪያው እንሂድ» ይላታል።

ወገኖቼ፣ ጥፋቱ የእኛ ሆኖ የተሳቀው በማን ነው? እስከ ስህተታችን ድረስ የመጣው ማን ነው? ታውቁታላችሁ። ስሙን ስጠራላችሁ አሜን ትላላችሁ። አሜን ማለት አይከብድም።

እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። በእናንተ ጥፋት ዛሬ የሚታማው ማን ነው? አንተ በቁጣህ ከወንድምህ ተጣልተህ፣ ዘመድ ሁሉ «ሚስቱ ናት ያለያየቻቸው» ሲል ዝም ያልክ፣ አንተን ነው የምለው። አንቺ የዘነጋሽው ሥራ ባልደረባሽን አስወቅሷት፣ አንቺ በአለቃሽ ፊት ተመስግነሽ የወጣሽ፣ አንቺንም ነው። እነዚህ ሰዎች ዝም ያሉት ስላላወቁ ይመስላችኋል? ያውቃሉ። ስለወደዷችሁ ነው ዝም ያሉት፤ እንደዚያ ተወዳችሁ እናንተም ዝም ማለታችሁ ግን ግፍ ነው።

በእናንተ ጥፋት የታማችውን ለብቻዋ በጆሮዋ «ይቅርታ» ብትሏት አይበቃም። የተሳቀባት በሰው ፊት ነው። ዛሬ ከዚህ እንደወጣችሁ ምሳው ይቆይና፣ ስትታማ የሰሙት ሰዎች ወዳሉበት ሂዱ። እነሱ እየሰሙ «ጥፋቱ የኔ ነበር» በሉ።