የአቶ አድማሱ ሣር ክዳን

በእንዶድ በር ሰው ለባዶ ክብር ሲንጠራራ የሚተረትበት አንድ አባባል አለ። አባባሉን የማያውቅ የለም፤ የወጣው ግን ከአንድ ከሚያፈስ ቤት ነው። ባለቤቶቹን እግዜር ይማራቸው፣ ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

እንዶድ በር ትንሽ ትሁን እንጂ የጥንት ከተማ ናት። የድንጋይ በሯ፣ የደብሯ ሥዕል፣ መኳንንት ያረፉበት ቤት ሁሉ ታሪክ አለው። አንድ ዓመት ግንቦት ላይ የቅርስ መዝጋቢ መጣና የአቶ አድማሱን ጎረቤት ቤት መዝግቦ በሩ ላይ “ቅርስ” የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ አድማሱ እህል አልወርድ አላቸው።

ሚስታቸው ወይዘሮ የሻረግ ግን ሐሳባቸው ጣራው ላይ ነበር። ሣሩ በስብሷል። ክረምት ሳይገባ እንዲለወጥ የተገዛው ቆርቆሮ አጥር ሥር ተደርድሮ አናጢ ይጠብቃል። እሳቸውም ባለፉ ባገደሙ ቁጥር እያዩት “ተመስገን” ይላሉ።

አቶ አድማሱ መዝጋቢውን እጁን ይዘው አመጡት።

“ይኸ የቅድመ አያቴ ቤት ነው። ስንት ደጃዝማች አድሮበታል!”

“ግድግዳውስ አሮጌ ነው። ክዳኑስ?”

“ክዳኑም የዚያን ጊዜ ነው! አንድ ሰበዝ አልተነካም፣ መድኃኔዓለምን!”

ወይዘሮ የሻረግ ክው አሉ። ሣሩ የተከደነው ለትልቋ ልጃቸው ክርስትና ነው፤ ተሸክመው ያመጡትም ራሳቸው ናቸው።

“አንተ ሰውዬ፣ በታቦት አትማል!” ብለው ጎሸም አደረጓቸው።

“ዝም በይ፣ ታሪክ እየተነገረ ነው!”

አቶ አድማሱ ፈረሙ፤ ሰሌዳው ተሰቀለ። ከሥሩ ወንበር አውጥተው አላፊ አግዳሚውን እጅ ሲነሱ ዋሉ።

በሳምንቱ አናጢው መጥቶ መሰላሉን ሲያቆም አንድ የቅርስ ጠባቂ እየሮጠ ደረሰ።

“ጋሼ፣ ሣሩም ቅርስ ነው፣ አይነካም! አንድ ሰበዝ አልተነካም ብለው ፈርመዋል እኮ።”

“በል ሂድና ዋሸሁ በላቸው” አሉ የሻረግ።

“ምዬ?”

“ለመሐላውማ የንስሐ አባትህ አሉ።”

“የአገሩ ሰውስ ምን ይለኛል!”

የሻረግ አልተከራከሩም። አናጢውን ጠሩት። “ልጄ፣ ማድ ቤቱን ቅርስ ነው ያለ ሰው አለ?”

“ኧረ የለም፣ እማማ።”

“እንግዲያስ ቆርቆሮውን እዚያ ምታልኝ።”

የሻረግም የራሳቸውን አልጋና ዶሮዎቻቸውን ይዘው ማድ ቤት ገቡ።

ሐምሌ ገባ፤ ሰማዩ ተቀደደ። አቶ አድማሱ አልጋቸውን ከጥግ ጥግ ሲጎትቱ ከረሙ። አንድ ጧት ማድ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

“የሻረግ፣ ትንሽ ልጠጋ?”

“ቅርሱንስ ማን ይጠብቅልን?” አሉ የሻረግ፣ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው።

አቶ አድማሱ ተኮሳትረው ተመለሱ።

የገብርኤል ዕለት የደብሩ መሪጌታ ልሳነወርቅ ከቅዳሴ ሲመለሱ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ጎራ አሉ። በሩን ገፋ ቢያደርጉ፣ አቶ አድማሱ ቤታቸው መሐል ጃንጥላ ዘርግተው ቁርሳቸውን ይበላሉ።

“ይግቡ እንጂ መሪጌታ! ደጃዝማቾች ያደሩበት ቤት ነው!”

መሪጌታ ሰሌዳውን ቀና ብለው አዩት፤ ጃንጥላውን አዩት፤ ፊታቸውንም ወደ ማድ ቤቱ መለሱና ጮክ ብለው፣ “የሻረግ፣ እኔስ አንቺው ዘንድ ልጠጋ፤ ቤቱን ቅርስ ያሰኘ፣ እቤቱ ጃንጥላ ይዞ ተገኘ!” አሉ።