የጅቡ ዳኝነት

ግራዝማች አድማሱ የተባሉ ጉቦ የሚወዱ ዳኛ ነበሩ፤ የየት አገር ሰው እንደሆኑ ባልናገር ይሻላል። በዚያው አገር ተረት በማውራት የታወቀች አንዲት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሠርግ ቤት፣ በግና ፍየል ተጣልተው ጅብ ዘንድ ቢካሰሱ ጅቡ ሁለቱንም በልቶ ችሎቱን እንደዘጋ አወራች። ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ።

ወሬው ግራዝማች ጆሮ ደረሰና ሴትዮዋን ሕዝብ በተሰበሰበበት አስቀረቧት።

«ተረት አውሪ ሁሉ ሐሜተኛ ነው» አሏት። «ለመሆኑ ጅቡ ማን ነው? እርስዎ ነዎት ካልሽ ዳኛ ሰድበሻልና ትገረፊያለሽ። ማንም አይደለም ካልሽ ደግሞ ዋሽተሻልና ትገረፊያለሽ።»

አለንጋ የያዘው አሽከር ጠጋ አለ። ሴትዮዋ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ ይህን ተረት አያቴም እናቴም አውርተውታል። እስከ ዛሬ ግን ‹እኔን ነው› ብሎ የከሰሰን ጅብ አልነበረም።»

ግራዝማች ጨነቃቸው። ከገረፏት ጅቡ ተገኘ ሊባል ነው።

«በይ ሂጂ» አሉ። «ሌላ ጊዜ ግን ዳኛውን አንበሳ አድርጊው።»

ሴትዮዋ መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር አለች።

«አንበሳማ አጥንቱን ይተዋል፣ ጌታዬ።»