ጉልበቱ የተጣፈ ሱሪ

ሶዶ ከተማ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ሱቁን በማለዳ ከፍቶ ሲመሽ የሚዘጋ ሰው። ዳና ይባላል። ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ኬብሮንን ብቻውን ነው ያሳደጋት።

ልጅቷ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ውጤቷ የሚያኮራ ሆነ። ዳናም በልቡ ሐኪም አደረጋት። ነጭ ጋዋኗን ራሱ ሊሰፋላት ጨርቁን ሁሉ መርጦ ነበር። እናንተ አታደርጉትም? ታደርጉታላችሁ እንጂ! ልጁ ገና ፈተና ሳይቀመጥ "ዶክተሬ" የምትሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

እሷ ግን አንድ ቀን ስልኳን ይዛ ሱቅ መጣች።

"አባዬ፣ የምፈልገውን ኮሌጅ አገኘሁ። ባሕር ማዶ ነው፤ ጫካ መሃል፣ ተራራ ሥር። ተማሪዎቹ አራት መቶ ብቻ ናቸው።"

"አራት መቶ? ያንቺ ትምህርት ቤት እንኳ ሁለት ሺህ አለው እኮ!"

"ጥሩነቱስ እሱ አይደል! ደግሞ ጎበዝ ለሆነ ተማሪ የክፍያውን አብዛኛውን እነሱ ይችሉለታል። ያለዚያማ እኛ አንሞክረውም።"

ፎቶውን አየ። ተማሪዎች ድንኳን ይተክላሉ። ተማሪዎች ወንዝ ውስጥ ቆመው ይጽፋሉ። አስተማሪው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"ክፍሉ የታለ?"

"ይኸው ነው ክፍሉ።"

ዳና ግራ ገባው። ለተማሪ የሚከፍሉት ገንዘብ ካላቸው ለምን ሕንፃ አይሠሩበትም? ከዝናብ ከፀሐይ ጠብቄ ያሳደግኋት ሜዳ ላይ እንድትማር ነው? ደግሞ ፊቷን ሲያየው እንቢ ማለት አቃተው። ምንም ሳይገባው እሺ አለ።

ኮሌጁ ከወላጅ ደብዳቤ ይፈልጋል። "ስለ ልጅዎ ይጻፉልን" ይላል። ዳና ደስ አለው፤ ይህ እንኳ አያቅተውም። እሱ ጻፈ፣ ጎረቤቱ መምህር ኢያሱ በእንግሊዝኛ ገለበጠለት። ምን ብሎ ጻፈ? እናንተ የምትጽፉትን ነዋ!

"ልጄ ጨዋ ናት። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን፤ ሌላ ቦታ አታውቅም። ሜዳ ለሜዳ ስትዞር ያያት ሰው የለም። ከጸሎት ብዛት የሱሪዋ ጉልበት ሦስት ጊዜ ተቀዶ እኔው ጥፌላታለሁ።"

አትሳቁ! እኛ አገር ሴት ልጅ ከዚህ በላይ በምን ትመሰገናለች?

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። መምህር ኢያሱ ሲያነበው ፊቱ ተለዋወጠ።

"ጋሽ ዳና፣ እንዲህ ነው የሚሉት። ልጅዎ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ዳሞታ ተራራን እየወጣች የትኛው ምንጭ እንደደረቀ፣ የትኛው እንደሚፈስ መዝግባ ልካልናለች። ልንረዳት ያሰብነውም በዚህ ሥራዋ ነው። እርስዎ ግን ከቤት አትወጣም ይላሉ። የቱን እንመን? በአሥር ቀን ውስጥ ካላስረዱን ዕድሉ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል።"

ዳና ዞረበት። የዋሸው ማነው? እሷ ናት ወይስ እኔ? ማታ ሲገባ ሁልጊዜ ቤት ያገኛታል። ታዲያ መቼ ወጣች?

"ኬብሮን፣ እውነት ነው?"

"እውነት ነው አባዬ።"

"ለምን ደበቅሽኝ?"

"መቼ ደበቅሁህ? ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚውለው። የጫማዬን ጭቃ በር ላይ ነው የማራግፈው። አልጠየቅኸኝም እኮ።"

"የሱሪሽ ጉልበትስ?"

"ገደሉን እየዳህኩ ነዋ የምወጣው! በጸሎት መስሎህ ነበር?" ብላ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ አለቀሰች። "አባዬ፣ ሊያመልጠኝ ነው።"

አያችሁ ወገኖቼ? ሦስት ጊዜ እኮ ያንን ሱሪ በእጁ ይዞታል! ጭቃውን አራግፏል፣ ቀዳዳውን ለክቷል፣ ጨርቅ ቆርጦ ጥፏል። ምን ቀደደው ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? መልሱን አስቀድሞ ያውቀው ነበራ!

ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ አብሯት ወጣ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። እሷ ከላይ ሆና "እዚህ ጋ ያዝ፣ እግርህን እዚያ" ትለዋለች። የደረቀውን ምንጭ አሳየችው፤ የሚፈሰውን አሳየችው፤ ውኃ አስጎነጨችው። እንደዚያ ስትፍለቀለቅ አይቷት አያውቅም። ይህቺ ልጅ ማን ናት? አሥራ ስምንት ዓመት ከአንድ ትሪ በልተው አላወቃትም። አፈረ።

ሰኞ ዕለት እንደገና ጻፈ።

"የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የጻፈችላችሁ እውነት ነው፤ አብሬያት ወጥቼ አይቻለሁ። ሱሪዋን ሦስት ጊዜ ስጥፍ በምን እንደተቀደደ አልጠየቅኋትም። በእኔ ጥፋት እሷን አትቅጧት።"

ዕድሉን ሰጧት። እልል በሉ፤ ግን አታስረዝሙት፣ ገና አልጨረስኩም።

ዳና እስከ ዛሬ ግራ እንደገባው ነው። ድንኳን ውስጥ ምን ዓይነት ትምህርት እንዳለ አሁንም አይገባውም። ግን ይጠይቃል። በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የሚላት "ዛሬስ ምን ቀደደብሽ?" ነው።

እናንተስ? አንቺ እናት፣ ልጅሽ ዝም ያለው ጨዋ ስለሆነ ነው ያለሽ ማነው? አንተስ፣ ሚስትህ ራሴን አመመኝ ባለችህ ቁጥር ኪኒን ገዝተህ የምትገባ፣ ምን ሆነሽ ነው ብለሃት ታውቃለህ? ስለ ልጆቻችሁ ትጸልያላችሁ። ለእግዚአብሔር የምትነግሩት ግን ስለየትኛዋ ልጅ ነው? እሱ ስለሰጣችሁ ልጅ ነው ወይስ እናንተ በልካችሁ ስለሰፋችኋት?

መጣፉን አልነቅፍም። መጣፍ ፍቅር ነው፤ ዳና ልጁን ይወድ ነበር። ግን ዛሬ ቤት ስትገቡ፣ መርፌና ክር ከማንሳታችሁ በፊት፣ ጠይቁ። ጠይቃችሁም ዝም በሉ። መልሱን ጉልበቱ የተቀደደበት ራሱ ይንገራችሁ።