ሾርባውን ማን አቀዘቀዘው?

በፈረንሳይ አገር በዘሩ የሚኮራ አንድ መስፍን ነበረ። የአባቶቹ ስም ከነማዕረጋቸው ተቆጥሮ ሳያልቅ ማዕዱን የነካ ወዮለት! አንድ ቀን አዳራሹ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ዘር ቆጣሪው ከምንጅላት ጀምሮ እያዜመ፣ የአያቶቹን ፈረሶች እንኳ ሳያስቀር ይጠራ ጀመር። ወጥ ሠሪዋ በር ላይ ቆማ ሾርባዋ ሲቀዘቅዝ አንጀቷ አረረ። ቆጠራው ሲያልቅ መስፍኑ ቀመሰና ማንኪያውን ወረወረ።

«በረዶ ነው! ይህን ያቀዘቀዘውን ስሙን ንገሪኝ፣ አስገርፈዋለሁ! ካልነገርሽኝ የምትገረፊው አንቺ ነሽ!»

እሷም እጅ ነሥታ እንዲህ አለች፦ «ጌታዬ፣ ያቀዘቀዘው አንድ ሰው ብቻ መች ሆነና! ስማቸውንማ አሁን አንድ በአንድ ሲጠራ ሰምተዋል። ግን ጅራፍዎ የት ያገኛቸዋል? ሁሉም ሞተዋል።»